ስድስት መቶ ሜትር ገብስ

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የግራ እግር ቦት ጫማዬ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በሥራ ላይ እንዳለ፣ በድንገት ከመካከላችን ተለይቷል። ቁጥሩ 42፣ ዕድሜው አራት ወር። አስከሬኑ አልተገኘም። የቀኙ ሐዘን ላይ ስለሆነ ከቤት አይወጣም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ። ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩ፣ አርባ ገጽ ኮፒ አደረግኩ። አንድ እግሬን በካልሲ።

ማታ ስገባ ሚስቴ ዙሀይራ አየችኝ። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የሻይ ብርጭቆዋን ሆዷ ላይ አስቀምጣ ነበር፣ እንደ ጠረጴዛ።

«አንዱ የት ሄደ?»

«መንገዱ ወሰደው።»

«እኔንም እንዲሁ ነው የሚወስደኝ» ብላ ሳቀች።

ልስቅ ሞከርኩ… እምቢ አለኝ።

ከቤታችን አስፋልቱ ዳር እስካለው ጤና ጣቢያ ስድስት መቶ ሜትር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ተቆፈረ። ተቆፈረ፣ በቃ። ድንጋዩ አልመጣም፣ አፈሩም አልተመለሰም። በበጋ አቧራ። በክረምት… ባሕር ብለው ባሕር ይቀየመኛል። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ሳምራዊት ምጥ ይዟት በደራራ ባጃጅ ስትሄድ መሃል ላይ ሰመጡ። እዚያው ወለደች። ልጁ ደህና ነው። እሷ ብዙ ደም ፈሷት ጎባ ሆስፒታል አሥራ ሁለት ቀን ተኛች።

የዙሀይራ መውለጃ ቀን መስከረም አሥር ገደማ ነው ተብሏል።

ሐምሌ 4

ስለ መንገዱ አሥራ አንደኛውን ማመልከቻ አስገባሁ። ያስገባሁበትን ቢሮ ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሙሉ ስሙ ብቻውን አንድ መስመር ተኩል ይፈጃል፣ ደብተሩ ደግሞ የኔ ነው።

የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። የሮቤ ከተማ ቅሬታ ግማሹ በጣቶቼ ያልፋል። «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። የራሴ ሲሆን ግን የት እንደሚደርስ አላውቅም።

አቶ መሸሻ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ወንበር ሰጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበር ሰጥቶኛል።

«ሻፊ፣ መንገዱ እኮ የኛ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«እሱ ነው በጥናት ላይ ያለው።»

«እሺ እኛው ድንጋይ እናፍስበት?»

«በጥናት ላይ ያለ መንገድ አይነካም። አምና አልነገርናችሁም?»

ነግረውናል። አምና አንድ ጋሪ ድንጋይ እንዳፈሰስን ሁለት ሰዎች መጥተው መልሰን እንድንጭን አደረጉን። ጎንበስ ብለን ለቀምን።

«ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ እሺ።»

«በጽሑፍ ለመመለስ መጀመሪያ መንገዱ የኛ መሆን አለበት።»

አመሰገንኩና ወጣሁ። ለምንድነው ሁልጊዜ የማመሰግነው?

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ሱቄ ጓዳ ውስጥ ስብሰባ። ስድስት ሰው፣ ሦስት በርጩማ። የመራው መምህር በእውቀቱ፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ከጎጃም መጥቶ አራት ዓመቱ ነው፣ ሳምራዊት ግቢ ተከራይቷል። ስለ ሰላማዊ ትግል ብዙ አንብቧል። ስልቶቹን አንድ በአንድ ዘረዘረልን። ሠላሳዎቹ ላይ ሲደርስ ደራራ እንቅልፍ ወሰደው።

መንገዱ ላይ እንቀመጥ? ማን ነው ጭቃ ላይ የሚቀመጠው። ሰልፍ እንውጣ? ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ጠያቂው ስሙን ይጽፋል… ሁሉም ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጣሪያዬ ያን ያህል የሚታይ ነገር የለውም።

ኦቦ ጉቱ ለስብሰባው አልመጡም። የመሬት ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ነው የገቡት። እርሻቸው ገጠር፣ ሲናና ነው፤ ቤታቸው ከኛ ሁለት በር አልፎ። ሰባ ምናምን ይሆናቸዋል። ቆመው ሲሰሙን ቆዩና፦

«እኔ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ይቆጨኛል።»

«ምን ይሆን ኦቦ?» አለ በእውቀቱ።

«አፈሩ። ጥቁር ነው። የሰፈሩ ከብት ሁሉ እበቱን ሲጥልበት ነው የኖረው። ሦስት ዓመት ጦሙን አደረ። ጋርቡ ያበቅል ነበር።»

ጋርቡ ያሉት ገብስን ነው። ሳቅን። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። በእውቀቱም ሳቁን አቋርጦ ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ።

«ገብስ ለመዝራት ፈቃድ ያስፈልጋል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከማን?» አሉ ኦቦ ጉቱ፣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ገርሟቸው።

ድምፅ ተሰጠ። ገብስ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ደራራም ነቅቶ እጁን አወጣ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ጠየቀን።

«ሦስት ቀን አይሞላም» አልኩ። «መንገድ ላይ ገብስ ሲያዩ ያፍራሉ፣ ግሬደር ይልካሉ።» ሁሉም እንደ ብልህ አየኝ። ጥሩ ስሜት ነው።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዘራን።

ሐሳቡ የነበረው እፍኝ እፍኝ በትነን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ቤታችን ልንገባ ነው። ኦቦ ጉቱ ሁለት በሬ ጠምደው መጡ። በእውቀቱ «ኦቦ፣ ድርጊቱ ምሳሌያዊ ነው» ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ጥሩ ነው ልጄ፣ ያን ጠርዝ ያዝልኝ» አሉትና ማረስ ጀመሩ።

ከዚያ ቦይ። ገብስ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል አሉ። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ወጣ። ሦስት ዓመት በጥናት ላይ የነበረው የጎርፍ መውረጃ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ።

ለተሽከርካሪ ማለፊያ ሁለት መስመር ሳይዘራ እንዲቀር ወስነን ነበር። ደራራ ቆሞ አየው።

«ይሄ ለመኪና ነው። ባጃጅ ስንት እግር አለው?»

 የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ጸሐፊ፣ ገበሬ… አንዳችንም አላሰብንበትም። ሦስተኛ መስመር መሃል ላይ ተተወ።

ሰሌዳውን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፣ በላስቲክ ለብጬ፦ «ይህ ማሳ የመንገዱ ባለቤት ንብረት ነው። ባለቤቱ ሲታወቅ ምርቱን መውሰድ ይችላል።» ሕዝቡ ተሰብስቦ አነበበው። በአማርኛም በኦሮምኛም ሳቁበት። በሁለት ቋንቋ ማሳቅ ቀላል አይደለም።

ዙሀይራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትበላ ነበር።

«አንተ ስትዘራ ዛሬ ገና አየሁህ።»

«እንዴት ነው?»

«ዶሮ የምትመግብ ነው የሚመስለው።»

ሐምሌ 15

ሦስተኛው ቀን። እስካሁን ያፈረ የለም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

በቀለ።

ጠዋት ከደጅ ስወጣ መንገዱ አረንጓዴ ሆኗል። ስስ፣ ልክ እንደ ፀጉር። ማሻአላህ ነው። እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም… ችግሩም እዚህ ላይ ጀመረ።

ማንም አይረግጠውም። ሰው በቦዩ ጠርዝ ላይ አንድ እግሩን አስቀድሞ እንደ ገመድ ተራማጅ ነው የሚሄደው። ባለጋሪዎች ከሩቅ አይተው ፈረሳቸውን ይመልሳሉ። ትናንት «ይህ ቢሮ ወይ ይሥራ ወይ ይዘጋ» ሲሉ የነበሩ ሴቶች ዛሬ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አንዲት ቡቃያ እንዳትነካ። ዝናቡ ሦስቱን የጎማ መስመሮች ንዷቸዋል። ደራራ ባጃጁን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ቁጭ ብሏል።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«ቢያንሸራትተኝ እህሉ ላይ ነው የምወጣው።»

«ደራራ፣ እኛ እኮ የዘራነው መንገዱ እንዲሠራ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ነበርኩ። ግን በቀለ እኮ።»

«እና?»

«አባቴ ቡቃያ ላይ ነዳ መባሌን ቢሰማ ቤት አያስገባኝም።»

ግን በቀለ እኮ። ለዚህ ምን ይመለሳል? በዩኒቨርሲቲ መልስ ይኖረው ይሆን ብዬ በእውቀቱን ፈለግኩት። በቦዩ ጠርዝ ላይ ሲራመድ አገኘሁት፣ መጻሕፍቱን ራሱ ላይ ተሸክሞ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጉቱ ጫፍና ጫፉን በእሾህ አጠሩት። ለከብቱ ነው አሉ።

ድሮ ባጃጅ በመከራ ያልፍ ነበር። አሁን ጭራሽ አያልፍም። ለመንገድ ታግለን መንገዱን ዘጋን። ለዚህም ድምፅ ሰጥተናል።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

መጡ። የቢሮው መኪና፣ አራት ሰዎች፣ ሜትር፣ ካሜራ። ሱቄን ዘግቼ ሮጥኩ። አለቀልን ብዬ፣ ማለትም ተሳካልን ብዬ።

መንገዱን አልለኩም። ገብሱን ለኩት።

አቶ መሸሻ ቡቃያው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ፎቶ ተነሳ። እጁን እንዲህ አድርጎ ቅጠሉን እየደገፈ፣ ልክ የወለደው ይመስል።

«ሻፊ፣ የከተማ ግብርና ማለት ይሄ ነው። ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁንም?»

«አቶ መሸሻ፣ ይሄ መንገድ ነው።»

«የቱ ነው መንገድ?» አለ ዙሪያውን እያየ። እውነቱን ነው፣ መንገድ አይታይም።

«ሰሌዳውን አንብበውታል?»

«አነበብነው። ትንሽ ቀልድ ይበዛበታል።»

ሰሌዳዬን ነቅለው የራሳቸውን የቆርቆሮ ሰሌዳ ተከሉ፦ «የገብስ ሠርቶ ማሳያ።» ከላይ የቢሮው ሙሉ ስም፣ አንድ መስመር ተኩል። ማታ ፌስቡክ ገጻቸው ላይ ወጣ። «ጦም ያደረ ቦታ ወደ ልማት ተቀየረ።» ሁለት መቶ ሰው ወዶታል። ከነሱ አንዷ ሚስቴ ናት።

«ፎቶው ጥሩ ነው እኮ» አለችኝ። «አንተም ከኋላ አለህ፣ አፍህን ከፍተህ።»

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

አዲስ ስልት። በእውቀቱ ነው ያመጣው። ጭቃችንን ሳንጠርግ ቢሮ እንግባ፣ ዝም ብለን እንቀመጥ፣ ሲጠይቁን «የመጣነው በዚያ መንገድ ነው» እንበል። ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም።

ሃያ ሦስት ሰው ገባን። ኮሪደሩ በአሥር ደቂቃ የሲናና እርሻ መሰለ። ጸጥ ብለን ተቀመጥን። ክብር ያለው ትዕይንት ነበር፣ ሰቢሪና መጥረጊያዋን ይዛ እስክትመጣ። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ የዙሀይራ የሩቅ ዘመድ።

«ሻፊ፣ አንተ ነህ ይሄን ያመጣኸው?»

«ሰላማዊ ትግል ነው ሰቢሪና።»

«ወላሂ ትግሉ የናንተ ነው፣ የምጠርገው እኔ ነኝ። መሸሻ እግሩን እንኳ አነሳ እንዴ? እኔ ነኝ የማጎነብሰው።»

ተያየን። ኦቦ ጉቱ ተነስተው መጥረጊያውን ተቀበሏት። ከዚያ ሁላችንም… አንድ ሰዓት ያህል የቢሮውን ኮሪደር አጠብን። አቶ መሸሻ ከክፍሉ ወጥቶ አየን፣ በጣም ተደሰተ። ለኅብረተሰብ ተሳትፎው አመሰገነን።

ነሐሴ 13

ፎቶው ገጻቸው ላይ ወጥቷል። መጥረጊያ ይዣለሁ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ዙሀይራን ይዤ ጤና ጣቢያ። በቦዩ ጠርዝ፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ትከሻዬን ይዛ። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ሁለቴ ቆመን አረፍን።

ሲስተር አባይነሽ፣ አዋላጇ፣ ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካች። ሦስተኛ ጊዜ ስትለካ ቀልዴን አቆምኩ።

«ከፍ ብሏል። መድኃኒቱን አታቋርጭ። ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ዓይንሽን ካጭበረበረሽ፣ ያኔ ነገ የለም። ወዲያው ነው የምትመጪው።»

«የእናቶች ማቆያ ክፍል አሁን ብትገባስ?» አልኳት።

«አልጋው ሙሉ ነው። መስከረም ሁለት ይለቀቃል፣ ስሟን ይዣለሁ። እስከዚያ ቤቷ ስንት ደቂቃ ነው?»

ስንት ደቂቃ ነው… በገብስ ነው በእግር?

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ኦቦ ጉቱ ቤት ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቁም ነገር። ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሜትር ብቻ ታጭዶ ባጃጅ ይለፍ አልኩ። ጎረቤቱ ተጠራ። አሥራ ስምንት ሰው።

አንዱ «ኅዳር ላይ ሲደርስ ይታጨዳል» አለ። አንዷ «ለከብት መኖ ይሆናል ብለን ተስፋ አድርገናል» አለች። ሌላው፣ ሐምሌ ላይ ከኔ ጋር የበተነው፣ «እህል ነው ሻፊ፣ ፍሬው ወተት እንኳ አልያዘም» አለኝ፣ ልክ ሰው ግደሉ ያልኩ ይመስል። ደግፋኝ የተናገረችው ሳምራዊት ብቻ ናት። «እኔ እዚያ ጭቃ ላይ ወልጃለሁ፣ ጨርሻለሁ» አለች። 

ኦቦ ጉቱ በመጨረሻ ተናገሩ።

«መሬት ከተከፈተ፣ ዘር ከገባበት… እኔ በሕይወቴ ቡቃያ ላይ ቆሜ አላውቅም ልጄ። እስቲ እስከ መስከረም ሁለት እንይ። ኢንሻአላህ።»

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ አራት ለገብሱ፣ አራት ለሚስቴ።

ሐምሌ ላይ እኔ አስተባብሬ፣ እኔ ሰሌዳ ጽፌ፣ እኔ እጄን ከሁሉ ቀድሜ አውጥቼ። አሁን ማንን ልቃወም? ራሴን? በየትኛው ቢሮ ፊት?

ጳጉሜን 2

ገብሱ ጉልበት ደርሷል። በጣም ያምራል። እጠላዋለሁ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ አጭር ነው።

ቀትር ላይ «ራሴን» አለች። ከዚያ «ፊትህ ሁለት ሆነብኝ» አለች። ከዚያ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ደራራ ጋ ደወልኩ፣ አስፋልት ዳር ከእሾሁ ወዲያ ነው ያለው፣ ምን ይጠቅማል። አራት ጎረቤቶች ቃሬዛ አመጡ። ዝናብ። ቦዩ ሞልቷል፣ ጠርዙ ተንዷል፣ በዚያ ማለፍ አይቻልም። የቀረው ገብሱ ነው።

ገብሱን መጀመሪያ የረገጥኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተከተሉ። ስድስት መቶ ሜትሩን በሰባት ደቂቃ።

ሴት ልጅ። ሁለት ኪሎ ከስምንት። ሲስተር አባይነሽ መርፌ ወጋቻት፣ ግፊቷ ወረደ። ከክፍሉ ስትወጣ «ሃያ ደቂቃ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብላ ጓንቷን አወለቀች። 

አልሀምዱሊላህ።

ጳጉሜን 5

ሰፈሩ ሁሉ «ሻፊ ነው ደፍሮ የገባው» ይላል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ገብሱ መሃል ለመሃል ተኝቷል። ዛሬ ባለጋሪዎቹ በዚያው ገቡ። አንዴ ከተረገጠ ምን ቀረው። ደራራም ገባ፣ መጀመሪያ ግን ወርዶ ቆሞ ነበር።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ዓመቱ ጥሩ ጀመረ። ቢሮው ጻፈልን።

በጽሑፍ። ማኅተም ያለው። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ውበት ነው፦

«በመሥሪያ ቤታችን ኃላፊነት ሥር በሚገኘው፣ ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችሁ መጨረሻ በተዘረጋው የ600 ሜትር ቦታ ላይ ይለማ የነበረው የገብስ ሠርቶ ማሳያ ባልታወቁ ሰዎች ተረግጦ የተበላሸ በመሆኑ፣ ነዋሪዎች በአምስት ቀን ውስጥ ማብራሪያ እንድትሰጡ እናሳስባለን።»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ዙሀይራ ልጅቷን እያጠባች ነበር።

«ምን ይላል?»

«መንገዱ የነሱ ነው ይላል።»

«የት ነው የሚለው?»

አሳየኋት። በጣቷ ተከትላ አነበበች፣ «በመሥሪያ ቤታችን ኃላፊነት ሥር» ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም። ልጅቷን እንዳንቀሰቅስ።

መቶ አርባ ሦስት ኮፒ አደረግኩ። ማሽኑ ሞቆ ሁለቴ አቆመ። በእውቀቱ ሮጦ መጣ፣ አነበበ፣ «ይሄ በመጽሐፉ የለም» አለ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ማብራሪያ ልንሰጥ ሄድን። መቶ ምናምን ሰው፣ እያንዳንዱ አንዳንድ ኮፒ ይዞ። ጫማችንን ደጅ ጠርገን፣ ሰቢሪና ቆማ አረጋግጣ። ደረጃውን፣ ኮሪደሩን፣ ግቢውን ሞላን። ቁጭ አልን። ማንም አይናገርም፣ ወረቀቱን ብቻ ወደ ላይ። ሳምራዊት ልጇን አቅፋ ከፊት ነበረች።

አቶ መሸሻ ወጣ።

«ማብራሪያው የታል?»

«መጀመሪያ ደብዳቤውን እናንብብ» አለች ሳምራዊት። አነበበችው። «ኃላፊነት ሥር» ላይ ስትደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«ፊርማው የርስዎ ነው» አልኩ። «ከታላቅ አክብሮት ጋር።»

ወደ ውስጥ ገባ፣ ስልክ፣ ወጣ፣ ገባ። እኛ ተቀምጠናል። የዙህር ሰላት ሰዓት ሲደርስ ሰጋጁ በየተራ ወጥቶ ሰግዶ ተመለሰ፤ በእውቀቱ የሰውን ቦታ ይጠብቅ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ መሸሻ ለመጨረሻ ጊዜ መጣ።

«እሺ። እሱ ይታያል። ግን ለፋይሉ ያህል አንድ ስም ያስፈልገኛል። ገብሱን መጀመሪያ የረገጠው ማነው?»

 ኦቦ ጉቱ ከጎኔ ነበሩ። በትራቸውን ይዘው ሊነሱ ሲሉ አየኋቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሚስቴ ነበረች ቃሬዛው ላይ።»

ጻፈው።  ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ ቀን ጽፎ ፈረመ፦ የመንገድ ሙሌት ገረጋንቲ፣ መስከረም 22። ሳምራዊት ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ለኔ ሰጠችኝ፣ ኮፒ እንዳደርግ።

ስንወጣ ኦቦ ጉቱ ክንዴን ያዙኝ።

«ሻፊ፣ እንዲያ ይሁን። ይሻላል።»

«ኦቦ፣ እኔ እኮ—»

«በዚህ ዕድሜዬ እህል ረገጠ ከምባል አንተ ብትባል ይሻለኛል። አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ማንም አይታዘብህም።»

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ገረጋንቲው መጣ። አሥራ አንድ መኪና። አንድ ግሬደር፣ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ። መንገዱ እስከ ሦስት መቶ ሜትር ተሞላ፤ የቀረው «ሁለተኛ ምዕራፍ» ነው ተባለ። ሁለተኛው ምዕራፍ በጥናት ላይ ነው። ግን የተሞላው ከጤና ጣቢያው በኩል፣ የቀረው ግማሽም የተረገጠ ስለሆነ ባጃጅ ከዚህ ጫፍ ገብቶ በዚያ ይወጣል፣ በመከራም ቢሆን። ደራራ ዛሬ አምስቴ ተመላለሰ፣ ያለ ተሳፋሪ። በእውቀቱ ሁለተኛውን ምዕራፍ በተመለከተ ስብሰባ ጠርቷል። ገብስ ግን አጀንዳ ላይ እንዳይያዝ ብያለሁ።

ዙሀይራ አራስ ቤት ናት። ሰው ሲመጣ «ባሌ ነው ገብሱ ውስጥ ቀድሞ የገባው» ሲባል ትሰማለች። አንድም ቀን አላረመችም። አንድም ቀን አዎ አላለችም። ዛሬ ማታ ልጅቷን ተቀብያት ሳለ እንዲሁ አየችኝ፣ ብዙ ቆየች… ስለዚህ፦

እርማት። በዚህ ደብተር ጳጉሜን 4 ላይ «ገብሱን መጀመሪያ የረገጥኩት እኔ ነኝ» ተብሎ የሰፈረው ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል። በዕለቱ ቃሬዛው እሾሁ ጋ ሲደርስ አራቱ ተሸካሚዎች ቆመዋል። ጸሐፊው ጃንጥላ ይዞ ነበር። በዚያ ሰዓት የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን እሱም «በዳር በኩል ብንዞርስ?» የሚል ነው። ዳር አልነበረም። ባለቤቱ ይህንን ሰምታለች። እሾሁን በባዶ እጃቸው ያነሱት ኦቦ ጉቱ ናቸው። ጫማቸውን አወለቁ፣ ቢስሚላሂ አሉ፣ ገቡ፤ ተሸካሚዎቹ መሬቱ እንዲታያቸው ገብሱን በሁለት እግራቸው እያስተኙ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ከፊት ሄዱ። ከዚያ እግራቸውን ታጥበው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ለቢሮው የተሰጠው ቃል በኦቦ ጉቱ ፈቃድ ባለበት ይጸናል። ይህ እርማት የሚያገለግለው ለዚህ ደብተር ብቻ ነው። በቅደም ተከተሉ መሠረት አንደኛ ኦቦ ጉቱ፣ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ጸሐፊው ስድስተኛ ነበር።